ቈዳና የሐሰት ማኅተም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሸዋን ደጋ ወርዶ፣ የሰንበቴን ገበያ ዐልፎ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ የኾነችውን ከሚሴን መኻል ለመኻል ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ ጎዳና ዳር፣ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ሙቀት ከቀትር በፊት በሚሰማበት ስፍራ፣ አንድ ሐጂ ጀሪካንና ሳፋ፣ ባልዲና ጆግ፣ ሸበጥና ኮንጎ ጫማ ይሸጣሉ። ወዳጃቸው በሕፃንነታቸው ቅኔ ቈጥረው ኋላ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኹለቱ ሽማግሎች ዘወትር ከሰዓት በኋላ በሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ በአንድ ማክሰኞ ቀን አንዲት ሴት ቅቤዋን የምታኖርበት ባለክዳን ባልዲ ገዝታ ስትወጣ የተነሣው ጨዋታቸው እንዲህ ነበር።

ሐጂ ፦ መምህር፣ ያቺ ሴት ስትወጣ ራስዎን ሲነቀንቁ አየሁ። አስወድጄ ሸጬላት ይኾን?

መምህር ፦ ዋጋውስ የተገባ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የቅቤው መንገድ ነው። ትናንት በባቲ የሰኞ ገበያ በፌስታል ተቋጠረ፤ በመኪና ላይ ፀሐይ እየመታው ቀልጦ እዚህ ደረሰ፤ ዛሬ ደግሞ ከአንቱ በገዛችው ባልዲ ገብቶ ሊከርም ነው። ከዚያ በኋላ ከፊሉ በወጥ ይበላል፣ ከፊሉ በሴቶቹ ራስ ላይ ይደረጋል፣ ከፊሉም የአራሷ ሕፃን ገላ ይታሽበታል። እናቶቻችን ቅቤን በቅል ባኖሩበት ዘመን ቅሉ ለቅቤው ከወይራ ጢስ መዓዛ በቀር የሚያበድረው አልነበረውም፤ ፕላስቲክ ግን የሚያበድረው ነገር አለው።

ሐጂ ፦ ምን ያበድረዋል? እኔ ይህን ዕቃ ስደረድርና ስሸጥ ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ እጄ አንድ ቀን አላሳከከኝም፣ አልሐምዱሊላህ።

መምህር ፦ ማሳከክማ ነጋሪት እየጐሰመ የሚመጣ ጠላት ነው። አንዳንድ ሰው ኮንጎ ጫማ ሲያደርግ እግሩ ቀልቶ ሲያሳክከው ቈዳው ራሱ «ይህን አንሡልኝ» ብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ጫማውን ይጥላል። እኔ የምናገረው ነጋሪት ስለሌለው ጠላት ነው። ሳያቃጥል፣ ሳያቈስልና ሳይሸት ገብቶ፣ በሰውነት ውስጥ ትእዛዝ ከሚሰጡት አንዱ መስሎ ስለሚናገረው ነው።

ሐጂ ፦ ትእዛዝ የሚሰጡት እነማን ናቸው?

መምህር ፦ ሆርሞን የሚባሉት ናቸው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዛዊው ስታርሊንግ «አነሣሣ፣ ቀሰቀሰ» ከሚል የግሪክ ቃል አውጥቶ ሰጣቸው። በቀድሞው መንግሥት ሥርዓት ንጉሥ በአንድ ግዛት ያለውን ሹም ለማዘዝ ሲፈቅድ ደብዳቤ አጽፎና በማኅተም አትሞ መልእክተኛ እንደሚሰድ፣ እንዲሁ በአንገት፣ በኵላሊት ራስ፣ በእንቍላል ዕጢና በሌሎቹም ያሉ ዕጢዎች ረቂቅ መልእክት በደም ላይ ይሰዳሉ፤ መልእክቱ የሚገባበት ሕዋስ ደግሞ ማኅተሙን የሚያነብ ተቀባይ አለው፤ ማኅተሙ ከተቀባዩ ጋራ ሲገጥም ሕዋሱ የታዘዘውን ይፈጽማል። የመልእክቱም መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ከሴቶች ሆርሞን ዋናው ኢስትሮጅን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚለካው በግራም ትሪሊዮንኛ ነው።

ሐጂ ፦ ይህ የውስጥ አካል ጕዳይ ነው፤ ቈዳን ምን አገናኘው? ለእኔ ቈዳ የበግና የፍየል ነው፤ ተገፎ፣ ጨው ተነስንሶበት ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚጫን። የሰውም ቢኾን ሥጋን የሚጋርድ አጥር ነው እንጂ ምን ይሰማል?

መምህር ፦ አጥር አይደለም ሐጂ፤ ደጅ ነው፤ ደጁም ጆሮ ያለው ነው። ማስረጃውን ከመጽሐፍ ሳይኾን ከአንቱ ቤት ልጥቀስ። ነፍሰ ጡር ሴት ፊቷን ማድያት ሲያለብሳት አላዩም? የልጅ ልጅዎስ ጢሙ ሊያቈጠቍጥ ሲል ፊቱ በብጉር አልተሞላም? በማድያቷ ጊዜ የቈዳን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት የእርግዝናን ሆርሞን ሰምተው ቀለም አበዙ፤ በብጉሩም ጊዜ የፊት የቅባት ዕጢዎች የጕልምስናን ሆርሞን ሰምተው ቅባት አበዙ። ቈዳው መስሚያ ባይኖረው ከወዴት ሰማ?

ሐጂ ፦ ይህስ እውነት ነው። ማድያት ከወለዱ በኋላ እየለቀቀ ይሄዳል።

መምህር ፦ መልእክተኛው ሲሄድ ትእዛዙም ይቆማልና። በዐዋቂ ሰው ላይ የተዘረጋው ቈዳ 2 ካሬ ሜትር ገደማ ይኾናል። በላዩ ኬራቲኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ከሥር እየተወለዱ፣ ወደ ላይ እየወጡና እየደረቁ፣ በአራት ሳምንት ገደማ ታድሰው ይረግፋሉ፤ ከበታቻቸው ደግሞ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ኮላጅን የሚባለውን ጅማታዊ ክር ፈትለው ቈዳውን እንደ ድርና ማግ ያጸኑታል። እነዚህ ኹሉ የኢስትሮጅንን ማኅተም የሚያነቡ ተቀባዮች አሏቸው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ በተቋረጠ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከቈዳዋ ኮላጅን 30 በመቶ ያህሉን ልታጣ መቻሏ የታወቀ ነው፤ ሸማኔው የሥራ ትእዛዝ ስለ ቀረበት ነው።

ሐጂ ፦ እሺ፣ ደጅ ነው አልን። ፕላስቲኩ ከወዴት ገባ?

መምህር ፦ የሐሰት ማኅተም ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1891 ዲያኒን የተባለ ሩሲያዊ ኬሚስት ቢስፌኖል ኤ የሚባለውን ውሑድ ሠራ። በ1930ዎቹ ዓመታት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ዶድስ የኢስትሮጅንን ግብር የሚፈጽም መድኀኒት ሲፈልግ ይህን ውሑድ ፈትኖ ደካማ ኢስትሮጅን ኾኖ አገኘው፤ ከእርሱ የበረታ ሌላ ስላገኘም ተወው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን የፋብሪካ ሰዎች ያንኑ ውሑድ አንሥተው እንደ መስተዋት የሚያሳልፍና የማይሰበር ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ፣ ለቈርቈሮ ምግብ ዕቃም የውስጥ ልባስ ሠሩበት። እንግዲህ ነገሩን ያስቡት፤ ሆርሞን መምሰሉ አስቀድሞ የታወቀ ነገር በኋላ የሕፃን ጡጦ ኾነ።

ሐጂ ፦ ነጋዴ ሐሰተኛ ብር ሲሰጡት ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። ሕዋሱስ አይመረምርም?

መምህር ፦ የሚያነሣበት ብርሃን የለውም። ጣቱን ጨለማ ውስጥ ሰድዶ እንደሚዳብስ ዕውር ነው፤ ቅርጹ ከገጠመለት ተቀበለ። ይህንም ያስተማሩን ራሳቸው በፕላስቲክ የተታለሉ ሊቃውንት ናቸው። ቦስተን ባለው በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አና ሶቶና ካርሎስ ሶኔንሻይን የጡት ካንሰር ሕዋሳትን በሳሕን ያሳድጉ ነበር፤ እነዚያ ሕዋሳት ኢስትሮጅን ሲያገኙ ይበዛሉ፣ ሲያጡ ይቆማሉ። ጡትም በፅንስ ዘመን ከቈዳ የሚወጣ ዕጢ ነውና ነገሩ ለቈዳ ባዕድ አይደለም። አንድ ጊዜ ግን ኢስትሮጅን ባልተጨመረበትም ሳሕን ሕዋሳቱ ይበዙ ዠመር። ሊቃውንቱ «ማን አበላሸብን?» እያሉ ዕቃቸውን አንድ በአንድ እየለወጡ ወራት ፈጁ፤ በመጨረሻ ወንጀለኛው ፈሳሹን ያኖሩበት የፕላስቲክ ቱቦ ኾኖ ተገኘ። ሠሪው የፕላስቲኩን ቅመም ለውጦት ነበር፤ ከቱቦውም ኖኒልፌኖል የሚባል ነገር እየወጣ ሕዋሳቱን «ተባዙ» ይላቸው ነበር። ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 ገልጠው ጻፉ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዊስኮንሲን የተሰበሰቡ ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው ነገር የሆርሞን ሥርዓት አዋኪ የሚል ስም አወጡለት።

ሐጂ ፦ ወላሂ ይህ የሚያስፈራ ነው። ግን ዕቃ ጠንካራ ነው፤ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ነገር እንዴት ይወጣል?

መምህር ፦ ኹለት ዐይነት አለ። አንዱ እንደ ቢስፌኖል ያለው ሰንሰለቱ ራሱ የተሠራበት ነው፤ ሙቀትና ሳሙና ሰንሰለቱን ሲበጥሱት ቀለበቱ ይወጣል። ኹለተኛው ፍታሌት የሚባለው ነው፤ ይህ ደረቁን ፒ.ቪ.ሲ. ለማለስለስ የሚጨመር ዘይት መሰል ነገር ነው። በሰንሰለቱ አልታሰረም፤ ቅቤ ከቂጣ ጋራ እንደ ተለወሰ ተለውሶ ተቀምጧል እንጂ። ስለዚህ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፤ ቅባት ሲያገኝም፣ ባሕርዩ ቅባታዊ ነውና፣ ወደ ዘመዱ ይሸጋገራል። የቅቤዋን ሴት አይቼ ራሴን የነቀነቅሁት ስለዚህ ነው፤ በአንድ ዕቃ ላይ ሙቀትም ቅባትም ጊዜም ተሰበሰቡበት።

ሐጂ ፦ ታዲያ ይህ ኹሉ ዕቃዬ መርዝ ነው በሉኛ! ሱቁን ልዝጋ?

መምህር ፦ አብሽር! ኹሉን በአንድ ሚዛን መመዘን እውቀት አይደለም። ዕቃውን ገልብጠው ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቍጥር ይዩ። 1 የታሸገ ውኃ የሚሸጥበት ነው፤ ሰው ቢስፌኖል አለበት ይላል፣ ነገር ግን የለበትም፤ ቢኾንም ፀሐይ ላይ ማዋል አይገባም። 2 ያ ቢጫው ጀሪካን፣ 5 ደግሞ ብዙው ባለክዳን ዕቃና ባልዲ ነው፤ እነዚህ ለመለስለስ ፍታሌት የማያስፈልጋቸው ናቸውና ከኹሉ ይሻላሉ። መጠንቀቅ የሚገባን ከ3፣ ማለት ከፒ.ቪ.ሲ.፣ እና በ7 ውስጥ ከሚቈጠረው ፖሊካርቦኔት ነው።

ሐጂ ፦ ቍጥር የሌለውስ? ግማሹ ዕቃዬ ምንም አልተጻፈበትም።

መምህር ፦ አባቱ ያልታወቀ ዕቃ ነው። ከምን ቀልጦ እንደ ተሠራ አናውቅምና ትኩስ ነገርና ቅባት አንስጠው።

ሐጂ ፦ እስቲ ወደ ቈዳው ይመለሱ። የሚበላውስ በሆድ ይገባል፤ በቈዳ መግባቱን ማን አየ?

መምህር ፦ በ2011 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ፣ ሕያው ኾኖ በተጠበቀ የሰው ቈዳ ላይ ቢስፌኖል ኤ አድርገው 72 ሰዓት ቢቈዩ 46 በመቶ ያህሉ ቈዳውን ዘልቆ ዐለፈ። ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ሌሎች ሙከራዎች ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ አግኝተዋል፤ መጠኑ ያከራክራል፣ ማለፉ ግን አያከራክርም። የሚገርመው የሚያሳልፈው ዕቃ ነው፤ ፕላስቲክ ሳይኾን ደረሰኝ ነው። ከአንቱ የሒሳብ መመዝገቢያ መኪና የሚወጣው ያ ለስላሳ ወረቀት በቀለም አልተጻፈም፤ በሙቀት ነው የሚጠቍረው፣ እንዲጠቍርም የሚያደርገው ዱቄት ብዙ ጊዜ ቢስፌኖል ነው። በወረቀቱ ላይ ልቅ ኾኖ ተነስንሶ ስለ ተቀመጠ ጣትን ይይዛል፤ ጣት ቅባት ወይም የእጅ ማጽጃ አልኮል ከነካው ደግሞ ይበልጥ ይገባል። አውሮፓውያን ከ2020 ጀምሮ በደረሰኝ ወረቀት ላይ ከ0.02 በመቶ እንዳይበልጥ አድርገዋል።

ሐጂ ፦ ከለከሉት ማለት ነውና ተገላገሉ።

መምህር ፦ ሠሪዎቹ ቢስፌኖል ኤስ የሚባለውን ወንድሙን ተኩበት፤ እርሱም በሕዋስ ላይ ሲፈተን ከቀድሞው ብዙ የማይለይ ኾነ።

ሐጂ ፦ ኮፍያውን ለውጦ የተመለሰ ሌባ! ግን መምህር፣ አንድ ነገር ይፍረዱልኝ። በሳሕን ላይ ያለ ሕዋስ ሰው አይደለም። ሳሕን ውስጥ ሳሙና ቢያፈሱበትም ይሞታል፤ እኛ ግን በሳሙና እንታጠባለን።

መምህር ፦ ይህ የሊቅ ጥያቄ ነው። የሰው ቈዳ ሕዋሳት በሳሕን ላይ ቢስፌኖል ሲበዛባቸው መጨነቃቸውና ዕድገታቸው መገታቱ ታይቷል፤ በሳሕን ያለው መጠን ግን በሰው ገላ ላይ ካለው ብዙ ጊዜ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ከሳሕኑ ወጥተው ወደ ሰው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በስዊድን 198 የሕመም ምልክት ያለባቸውንና 202 ጤነኞች ሕፃናትን ይዘው የመኝታ ቤታቸውን አቧራ ቢመረምሩ፣ ከፕላስቲክ ወለል የሚወጣ አንድ ዐይነት ፍታሌት የበዛበት ቤት ካላቸው ሕፃናት ዘንድ ችፌ አብልጦ ተገኘ። ይህም ቢኾን ኹለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ያሳያል እንጂ አንዱ ሌላውን መውለዱን አይፈርድም።

ሐጂ ፦ እንግዲህ ሊቃውንቱም አልተስማሙም።

መምህር ፦ በመጠኑ አልተስማሙም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ሰው በቀን ሊታገሠው የሚችለውን የቢስፌኖል ኤ ልክ ከቀድሞው 20,000 ጊዜ አሳነሰው፤ የጀርመን ባለሙያዎች ደግሞ «ይህ እጅግ በዛ» ብለው ከዚያ ሺሕ ጊዜ የሚበልጥ ልክ አወጡ። በክርክሩ መካከል ግን አውሮፓውያን በ2024 መጨረሻ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ ቢስፌኖል ኤ እንዳይደረግ ደነገጉ። ብልኅ ሰው ጅቡ አንድ ነው ወይስ ኹለት የሚለው ክርክር እስኪያልቅ በሩን ክፍት አያሳድርም።

ሐጂ ፦ ክርክር የሌለበት የለም?

መምህር ፦ አለ፤ እርሱም ከኹሉ የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1976 በኢጣልያ በሴቬሶ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ የያዘ ደመና ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ክሎራክኔ የሚባል ክፉ ብጉር ወጣባቸው። ዳዮክሲኑ በቈዳ ሕዋስ ውስጥ ካለ ተቀባይ ጋራ ገጥሞ የቅባት ዕጢው ሕዋሳት ግብራቸውን ትተው እንደ ላይኛው ቈዳ እንዲደርቁ ያዛቸዋል፤ የቅባት ዕጢው ጠፍቶ በስፍራው እባጭ ይተካል። እነሆ ሐሰተኛ ትእዛዝ የቈዳን ሕዋስ ከተሠራበት ግብር ማውጣቱ በዐይን የታየበት ይህ ነው። ዳዮክሲንም ፋብሪካ ብቻ አይወልደውም፤ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ፣ እንደ ፒ.ቪ.ሲ. ያለው፣ በሜዳ እሳት ሲቃጠል ይወለዳል።

ሐጂ ፦ ሠራተኛዬ እኮ ከሰሉን የሚያቀጣጥለው በፌስታልና በአሮጌ ኮንጎ ጫማ ነው! ይህ ቡናም...

መምህር ፦ አውቃለሁ፤ ሽታው ደርሶኛል። ፌስታሉ ክሎሪን የለውም፤ ጫማው ግን ብዙ ጊዜ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ነገ በጭራሮ ያቀጣጥል።

ሐጂ ፦ መንግሥትስ ምን ይላል?

መምህር ፦ በአዋጅ ቍጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ ያነሰ ፌስታል ተከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ ለአፈርና ለከብት ተብሎ የወጣ ሕግ ነው፤ ትኩስ ወጥ በፌስታል መቋጠር ቢቀርበት ግን ለሰውም ይበጃል።

ሐጂ ፦ አሁን ደግሞ እኔን ይስሙኝ መምህር። እናቴ ውኃ የምትቀዳው በእንስራ ነበር። ባዶው እንስራ ራሱ ሸክም ነው፤ ገመዱ ትከሻዋን ልጦት ነበር፣ በዳገት አንድ ጊዜ ብትደናቀፍ የቀን ድካሟ ከገሉ ጋራ ይፈሳል። ቢጫው ጀሪካን የመጣ ጊዜ በደዌ ሐረዋና በአርጡማ ፉርሲ ወረዳዎች ያሉ ሴቶች ጀርባቸው ዐረፈ። ስለ ቈዳ ያለቀሰ ሰው ስለ እናቴ ትከሻ ቈዳ ደግሞ ማልቀስ ይገባዋል።

መምህር ፦ ፈረዱብኝ፤ በእውነት ፈረዱብኝ። እኔም ጀሪካኑን አልነቀፍሁም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያዝበት ምንም አልልም። እንስራ ይመለስ የሚል ሰው እንስራ ተሸክሞ የማያውቅ ነው። የእኔ ነገር ዕቃውን ለግብሩ እንለይ ነው፤ ለቀዝቃዛና ለደረቅ ፕላስቲክ ይኹን፤ ለትኩስና ለቅባት ሸክላ፣ ጠርሙስ፣ ብረት ወይም ቅል ይኹን። የሚያጽናናም ነገር አለ። ቢስፌኖልና ፍታሌት እንደ ዳዮክሲን በሰውነት ስብ ውስጥ አይከርሙም፤ አብዛኛው በአንድ ቀን ገደማ በሽንት ይወጣል። በደማችን ዘወትር የሚገኘው ዘወትር ስለሚገባ ነው። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አምስት ቤተሰቦች፣ 20 ሰዎች፣ ሦስት ቀን በፕላስቲክና በቈርቈሮ ያልታሸገ ትኩስ ምግብ ብቻ ቢበሉ በሽንታቸው ያለው ቢስፌኖል ኤ በ66 በመቶ ቀነሰ። በሩን የዘጋ ሰው ቤቱ ቶሎ ይጠራለታል።

ሐጂ ፦ ሦስት ቀን ብቻ?

መምህር ፦ ሦስት ቀን ብቻ።

ሐጂ ፦ (ጥቂት ዝም ብለው) መምህር፣ በእኛ ሸሪዓ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ዐይብ አውቆ ሳይናገር ቢሸጥ ሽያጩ በረካ የለውም። በሬው ዐይኑ ታሞ እንደ ኾነ ለገዢው ይነገራል፤ ሰፌዱ ተቀዶ እንደ ኾነ ይነገራል። እስከ ዛሬ የፕላስቲክን ዐይብ ሳላውቅ ሸጥሁ፤ አላህ ይቅር ይለኛል። ከአሁን በኋላ ግን አንቱ አሳወቁኝ፤ ዕዳውን በአንገቴ አሰሩት።

መምህር ፦ ዕዳ ላስርብዎ አልመጣሁም ሐጂ፤ ቡና ልጠጣ መጣሁ እንጂ።

ሐጂ ፦ እውቀት ሲገባ እንደ አንቱ ቢስፌኖል ነው፤ ሳያስፈቅድ ይገባል፤ ልዩነቱ ይኸኛው ማኅተሙ እውነተኛ መኾኑ ነው። (ወደ ውስጥ እየተጣሩ) አንተ ልጅ! ያቺ ቅቤ የያዘች ሴት ገና መናኸሪያ አልደረሰችም፤ ሩጥና ድረስባት። ባልዲው ለእህልና ለቀዝቃዛ ውኃ የሚኾን ነው፤ ቅቤውን ግን ቤቷ ስትገባ ወደ ቅል ወይም ወደ ጠርሙስ ታዛውረው፣ በተለይ የሕፃኑን። ቅል ከሌላት ባልዲውን ትመልስ፣ ገንዘቧን እሰጣታለሁ በላት። ደረሰኙንም አትጠይቃት።